ከሃለኮው ሥር ያለፈው ቧንቧ

በከተማችን የታችኛው ሰፈር፣ በሲቀላ፣ በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ እንጋራ ነበር። ቧንቧው በብረት ሳጥን ተቆልፎ ቁልፉ አከራያችን ወገብ ላይ ይውላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ይከፈታል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ተዘጋ ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ዓሣ ነጋዴ ነበረች። በማለዳ ወደ ጫሞ ሐይቅ ዳር ወርዳ ከአስጋሪዎቹ ተረክባ፣ ገበያ ሸጣ ስትመለስ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ቧንቧውም ከተቆለፈ ቆይቷል። በአንድ ጣሳ ውኃ እጇን እስከ ክርኗ በሎሚ እያሸች ስትታጠብ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሎሚ ችግር አልነበረም፤ የጫኖ ገበሬዎች በጆንያ ያመጡታል። የቸገረው ውኃ ነው። በምንጭ በተሰየመ ከተማ ተቀምጦ ውኃ መቸገር ለሰሚ ይገርም ይሆናል፤ እኛ ግን ለምደነው ነበር።

በዚያ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። አባቴ የሞተው እኔ ገና መራመድ ሳልጀምር ስለሆነ “እኛ” ስል እኔንና እናቴን ብቻ ማለቴ ነው። እናቴ ደጋ ያለችው የኦቾሎ ልጅ ናት፤ አባቷ ሸማኔ፣ እናቷ ፈታይ ነበሩ። እሷ ግን በወጣትነቷ ቆላ ወረደችና ኑሮዋን ከዓሣ ጋር አደረገች። ፊደል አልቆጠረችም። ቢሆንም ሰው ሲያታልላት አይቼ አላውቅም።

መምህርት ሆኜ በላይኛው ሰፈር በሴቻ በተመደብኩበት ዓመት፣ ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመት ነው፣ እናቴ ዳገቱ ላይ ባገኘችው ቦታ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አሠርታ ጨረሰች። ዕቃችንን ያጓጓዝነው ዓሣ በምታመጣበት ፒካፕ ነበር፤ ፍራሻችን ለሁለት ሳምንት ያህል ጫሞ ጫሞ ሸተተ። አዲሱ ቤት በር ላይ ሲቆሙ በአንድ ወገን ቀላ ያለው አባያ፣ በሌላው ወገን ጫሞ፣ በመካከላቸውም ሁለቱን የሚለየው፣ የእግዜር ድልድይ የምንለው ጋራ ይታያል። ነፋስ አለ፤ ቦታ አለ። ውኃና መብራት ግን አልነበረም።

“መብራቱ ይቆይ፤ በኩራዝም ይኖራል። መጀመሪያ ውኃ” አለች እናቴ።

ለውኃው የሚያስፈልገውን ወረቀት እሷና እኔ ተከፋፍለን አሰባሰብን። የቀበሌው ደብዳቤ፣ የቦታው ፕላን፣ ማመልከቻው፣ ፎቶግራፉ ሁሉም በአንድ ፌስታል ገባ። እኔ ክፍል ውስጥ ስለምውል ወደ ቢሮ የምትመላለሰው እሷ ነበረች። ወረቀቶቹን የምትለየው በጥጋቸው አጣጥፋ ነው፤ አንድ ጊዜ የታጠፈው የቀበሌ፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈው የቦታ፣ ያልታጠፈው ማመልከቻ። በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቷን ከማሳረፏ በፊት “አንብቢልኝ” ትላለች፤ አንብቤ ስጨርስ “አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ” ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስላልነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ወጣት ሴት ናት፤ ወረቀቶቻችንን በቅደም ተከተል አድርጋ ፋይል ውስጥ ካሰረች በኋላ ለእናቴ እንድታይ አዞረችላት። እናቴ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና “ይኼ የእኔ አይደለም” አለች።

“የትኛው?”

“ይኼኛው።” ፕላኑን ነው።

“እናቴ፣ የእርስዎ ነው እኮ። ማንበብ ይችላሉ?”

“አልችልም። የእኔ ጥጉ ላይ የዓሣ ዘይት ጠብ ብሎበታል። ይኼ ንጹሕ ነው።”

ጸሐፊዋ ሳቀች፤ ለማስተዛዘን ያህል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር ማገላበጥ ጀመረች። ከሦስተኛው ፋይል ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት የእኛ ፕላን ወጣ። ልጅቷ መሳቋን ተወች። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቼው ነበር” አለች። እናቴ ምንም እንዳልተፈጠረ “እንኳን ተገኘ” ብላ ፕላኑን በእጇ መዳፍ አስተካከለችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ወረቀቱ የተቀየረ መሆኑን አላየሁም ነበር።

ከዚያ ወደ መሐንዲሱ አሳለፉን። ከተመረቀ ብዙም ያልቆየ፣ ቁጥብ ወጣት ነው። ትልቁን የከተማ ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና የእኛን ሰፈር በእርሳሱ ጫፍ አሳየን።

“እናንተ ጋ መስመር የለም” አለ። “ዋናው መስመር እዚህ ያልቃል። እስኪቀጠል ተራ መጠበቅ ነው።”

“ስንት ጊዜ?” አልኩት።

“አንድ ዓመት። ሁለትም ሊሆን ይችላል።”

ያን ጊዜ ከክፍሉ ጥግ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው አሮጌ የቧንቧ መገጣጠሚያዎችን በየመጠናቸው የሚለዩ ሽማግሌ፣ ቀና ሳይሉ “መስመርስ አለች” አሉ።

መሐንዲሱ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። “ጋሼ፣ ፕላኑ ላይ የለም እኮ።”

“ፕላኑ ላይ የለችም” አሉ ሽማግሌው። “መሬት ውስጥ አለች።”

የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው ከዓመት ያነሰ ጊዜ ነው። እንደ እናቴ የደጋ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው በጋሞኛ ዜማ የሚሄድ፣ ቧንቧን ሁልጊዜ እንደ ሴት ልጅ የሚጠሩ። ከቢሮው ስንወጣ ተከትለውን ወጡና ለእናቴ በጋሞኛ ነገሯት። ወጣት ሳሉ፣ አሁን የእኛ ሰፈር ባለበት ዳገት ላይ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነበር። ለዚያ ካምፕ የሚሄደውን መስመር የቆፈሩት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። መንገዱ ሲያልቅ ካምፑ ፈረሰ፤ መስመሩ ላይ ያለው ቫልቭ ተዘግቶ ጉድጓዱ ተከደነ። ከዚያ መንግሥት ተቀየረ፤ ወረቀት ጠፋ፤ አብረዋቸው የቆፈሩት ሰዎችም አንድ በአንድ አለፉ። “አለች ስል ሰው የሚመስለው የሽማግሌ ወሬ ነው” አሉ።

እናቴ ትክ ብላ አየቻቸውና “ወንድሜ፣ ቦታውን ብትቆም ታውቀዋለህ?” አለቻቸው።

“አውቀዋለሁ።”

ወዲያው ወደ ቢሮው ተመለሰች። መሐንዲሱ በሩ ላይ አገኛት። ምን እንዳለችው በትክክል አላስታውስም፤ የመጨረሻውን ግን አልረሳም፤ “ልጄ፣ ብንፈልግና ብናጣ የምታጣው ነገር የለህም” ነው ያለችው። እሱም ሽማግሌው በቅዳሜ፣ በራሳቸው ጊዜ እንዲፈልጉ ፈቀደ፤ ከተገኘም መጥቶ እንደሚያየው ቃል ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቧንቧው ሽማግሌ አንድ አካፋ፣ አንድ ረጅም የብረት ዘንግና በጠርሙስ ላምባ ይዘው መጡ። መቆፈር የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለዳገቱ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ አባያ አዞሩ። ጥቂት ወደ ቀኝ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ያያሉ፤ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ግራ ገብቶኝ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው።

“ደሴቷን” አሉ። “ያን ጊዜ ምሳ የምንበላው ቫልቩ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠን ነው። ከዚያ ስናይ ደሴቷ ግማሿ ከጋራው ጀርባ ናት፤ ግማሿ ብቻ ትታያለች። አሁን ገና ሙሉዋ ትታያለች። እዚህ አይደለም።”

ሲቀርቡ ሲርቁ ቆይተው፣ የሰፈሩ ሰው አመድና ጥራጊ የሚደፋበት ጉብታ ላይ ወጥተው ቆሙ። አባያ ላይ ያለችው ደሴት እኩሌታዋ በጋራው ተሸፍናለች። አካፋውን እግራቸው ሥር ተከሉ። “እዚህ ነች።”

ሦስታችን አመዱን እየተጋገዝን ዛቅነው። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከማናችንም በላይ ትሠራ ነበር። ወገብ ያህል ከወረድን በኋላ አካፋው ጠጣር ነገር ነካ። የሲሚንቶ ክዳን! ከሥሩ ዝገት ያነቀው ቫልቭ። ሽማግሌው ላምባውን አፈሰሱበትና “አሁን እረፍት እናድርግላት” ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ደስታ ያለ አይመስልም ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከክዳኑ ላይ አልተነሣም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቫልቩን ከመክፈታቸው በፊት፣ ምን ማድረግ እንዳለብን አስረዱን። ባዶው መስመር ውኃ ሲገባበት ድምፅ ያሰማል። እሳቸው ዘንጉን መሬት ላይ ተክለው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ድምፁን ይከተላሉ፤ እኛ እሳቸው ባሉት ቦታ ካስማ እንተክላለን። “ግን መቸኮል ነው” አሉ። “ሞልታ ስታበቃ ዝም ትላለች። ዝም ካለች አናገኛትም።”

ቫልቩ እየጮኸ ተከፈተ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ያልጠበቅሁትን ያህል በፍጥነት ተራመዱ። ዘንጉን ይተክላሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ “እዚህ!” ይላሉ፤ እናቴ ካስማውን ትይዛለች፣ እኔ በድንጋይ እመታለሁ። መንገዱን ተሻገርን። መሐል ላይ ዘንጉን ወደ እኔ አዙረው “ስሚያት” አሉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የራሴ ልብ ምት ብቻ ነው የተሰማኝ። “ትንፋሽሽን ያዢ” አሉኝ። ያዝኩ። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ሰው በተዘጋ በር ጀርባ ሲያንሾካሹክ ያለ ነገር ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነገጠኝ ድምፅ ግን ትዝ አይለኝም።

ድምፁን እየተከተልን ሳናውቀው የጎረቤታችንን አጥር አልፈን ግቢያቸው ገባን። ሽማግሌው በግቢው መካከል ባለ ትልቅ ሃለኮ ሥር ተንበርክከው፣ ጆሯቸውን ብረት ላይ አድርገው “እዚህ!” ብለው ሲጮኹ የግቢው ባለቤት ከቤት ወጡ። ሃለኮ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው ዛፍ ነው፤ እኛ ቅጠሉን እንደ ጎመን እንበላዋለን። ሴትየዋ የወንጌል አገልጋይ ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ገና አልተለዋወጥንም ነበር።

“ዛፌ ሥር ምን ትሠራላችሁ?” አሉ።

ሽማግሌው ተነሥተው አስረዱ። መስመሩ ወደ እኛ ግቢ ከሁሉ የሚቀርበው እዚያ ዛፍ ሥር ነው፤ ከዚያ ላይ ለመቀጠል መቆፈር ያስፈልጋል። ጎረቤታችን እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

“ይኼን ባለቤቴ የተከለው በሞተበት ዓመት ነው” አሉ። “ሁለት ነበሩ። አንዱን መንገድ ሲያሰፉ ሥሩን ቆረጡት፤ ቆሞ ደረቀ። ይኼ አይነካም።”

“እማማ፣ ከሥሩ እኮ ውኃ ነው ያለው!” አልኩ እኔ።

“ይኑር።”

እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። “እትዬ፣ አይነካም” አለቻቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ “በሌላ በኩል አይዞርም?” ብላ ጠየቀች።

“በመንገዱ በኩል ዐለት ነው። መሣሪያ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ ተራ ይይዝለታል።”

“እንግዲያው ተራውን እንጠብቃለን።” ይህን ብላ አጥሩ ሥር የተከልነውን የመጨረሻውን ካስማ ራሷ ነቅላ ወጣች።

ቤት ስንገባ በጣም ተናደድኩ። ውኃው አጠገባችን ነው፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ቀበሌ ብንሄድ ይፈቀድልናል፣ ለአንድ ዛፍ ብለን ለምን እንቸገራለን፣ ያላልኩት የለም። እናቴ ሁሉንም ሰማችኝና “የሴትየዋን ፊት አላየሽም?” አለች።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ከታች ካለው ቦኖ ውኃ ስንቀዳ ከረምን። ዳገቱ ረጅም ነው። ጎረቤታችንም የሚቀዱት ከዚያው ነበር፤ በገመድ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ ሦስት ቦታ አርፈው ነው የሚወጡት። እናቴ ይህን ካየች በኋላ ከቦኖው ስትመለስ ሁለት ጀሪካን መያዝ ጀመረች፤ አንዱን እሳቸው በር ላይ ታስቀምጥና ሳታንኳኳ ትመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤታችን ባዶውን ጀሪካን ያለ ቃል አጥሩ ላይ ይሰቅሉት ነበር። በኋላ ከነሃለኮ ቅጠሉ መስቀል ጀመሩ።

እኔ አንድ ቀን ክፉ ንግግር አመለጠኝ። “ቧንቧውን እንዲፈቅዱልሽ ብለሽ ነው አይደል?” አልኳት።

እናቴ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችው። ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። “ለቧንቧው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እዚያው እከራከራቸው ነበር። አሮጊት ናቸው፤ ውኃ ከባድ ነው። በቃ።” ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

የጥር ፀሐይ ሲከር ጎረቤታችን አንድ ቀን ራሳቸው በራችን ላይ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

“ያ ሽማግሌ ሥር ሳይቆርጥ መቆፈር ይችላል?” አሉ እናቴን።

“እኔ እንጃ። እሱን ራሱን ብንጠይቀው ይሻላል።”

እናቴ ያኔ እንኳን “ይችላል” ልትል አልፈቀደችም። ባለቧንቧው ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ግንዱን ዳሰሱት፤ አፈሩን አንሥተው በጣታቸው አሹት። “ሦስት ቀን ስጡኝ” አሉ። “ዶማ አላስገባም።”

እውነትም አላስገቡም። የቆፈሩት በአንድ አጭር የብረት መፈልፈያ፣ በቆርቆሮ ቁራጭና በእጃቸው ነው። ሥር ሲያገኙ ዙሪያውን እየጫሩ ከአፈሩ ያላቅቁትና በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉታል፤ ከዚያ በሥሩ በኩል አልፈው ይቀጥላሉ። ጎረቤታችን ዱካቸውን አጠገብ አስቀምጠው የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የሽማግሌውን እጅ ሲጠብቁ ዋሉ። ሁለተኛው ቀን ግን ዱካው ቀረብ ብሎ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ በሃለኮ ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ፣ ድቡልቡል የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ በሳህን ይዘው መጡና “ውጣ፣ ብላ” አሏቸው። ሽማግሌው ከጉድጓዱ ሳይወጡ፣ አፈር የለበሰ እጃቸውን እያሳዩ ሳቁ። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው አጎረሷቸው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ቧንቧው ታየ። ከአርባ በላይ ሥሮች፣ ቀጫጭንም ወፋፍራምም፣ በጨርቅ ተጠቅልለው በጉድጓዱ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግተዋል፤ አንድም አልተቆረጠም። መሐንዲሱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። በኋላ ፕላኑን ከመኪናው አምጥቶ ከዛፉ ሥር መሬት ላይ ዘረጋው፤ አራት ድንጋይ ጥግ ጥጉ ላይ አስቀመጠ፤ እርሳሱንም አወጣ።

“ጋሼ፣ ከየት እንደሚጀምር ያሳዩኝ” አለ።

ሽማግሌው ወዲያው አልመጡም። እናቴን ውኃ ለምነው እጃቸውን ታጠቡ፤ በሸሚዛቸው አደረቁ፤ ከዚያ ተንበርክከው በአንድ ጣት የቫልቩን ቦታ ነኩ። መሐንዲሱ እያሰመረ፣ እሳቸው እየመሩ፣ ከቫልቩ እስከ ካምፑ ጫፍ ደረሱ። ወጣቱ አንድ ጊዜም “እርግጠኛ ነዎት?” አላለም። ሥልጣኑ የእሱ ነበር፤ እንደ ተማሪ ግን ነበር የሚጽፈው። ዛሬ ድረስ ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ።

የቀረው ቆጣሪውና የመቅጃው ቧንቧ የት ይተከል የሚለው ነው። እኔ ገና ሲቀላ ሳለን ቦታውን መርጬ ጨርሻለሁ፤ ማዕድ ቤቱ በር ላይ፣ እጅ ዘርግቶ የሚደረስበት። ሽማግሌው የት ይሁን ሲሉ ወደዚያ አመለከትኩ። እናቴ ግን ወደ አጥሩ ሄዳ፣ ከጎረቤታችን ግቢ ጋር በሚያዋስነን ቦታ ላይ ቆማ “እዚህ” አለች።

“እማዬ! እዚያ ድረስ በየቀኑ ልንመላለስ ነው?”

“አሥር እርምጃ ነው።”

“ለምን ግን?”

“ከዚህ እሳቸውም እጃቸው ይደርሳል።”

“እሳቸው አልጠየቁሽም እኮ።”

“አልጠየቁኝም” አለች። “እኔም አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ እስኪከፈትልኝ ጠብቄያለሁ። ጎረቤቴ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም።”

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን በልቤ አልተቀበልኳትም፤ ማዕድ ቤቴ በር ላይ የሚፈሰው ውኃ ነበር የሚታየኝ። ልክ መሆኗን የተረዳሁት ቆይቶ፣ ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ክፍተት እጃቸውን አሻግረው ሲቀዱና ከእናቴ ጋር ሲጨዋወቱ ስሰማ ነው። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ የማርያም ፆም የምትፆም፣ ሌላዋ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ፣ በአንድ ቧንቧ ዙሪያ ያወሩት ወሬ ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ውኃው ሲለቀቅ መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ዝገት መጣ፤ ከዚያ ነጣ። እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ፊቷን ታጠበች፤ ደግማ ተቀብላ ታጠበች፤ ሦስተኛውን ግን እኔ ላይ ረጨችው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ገበያ የሚፈራት ሴት እንደ ልጅ ስትስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሽማግሌው እየሳቁ ቧንቧውን ዘጉና አንዲት ጠብታ እንኳን አለመንጠባጠቧን አጎንብሰው ተመለከቱ። ሃለኮው በሚቀጥለው ዝናብ አዲስ ቅጠል አወጣ።

መብራቱ ዘገየ፤ ቆጣሪ ጠፍቶ እስከ ክረምቱ ድረስ ጠበቅን። እሱንም እናቴ ናት በፌስታሏ ወረቀት እየተመላለሰች የጨረሰችው። ሠራተኞቹ ሽቦውን ከምሰሶው ስበው በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲዘረጉ አንድ በአንድ “ይኼ ምን ይሠራል? ይኼኛውስ?” እያለች ጠየቀቻቸው፤ ስለዚህ ከዓመት በኋላ ፊውዝ ሲቃጠል እኔ ባለሙያ ልጠራ ስነሣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ ቀይራው አገኘኋት። በዚያ ቤት ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ቤት ቀይሬአለሁ፤ በየደረስኩበት ውኃና መብራት ለማስገባት ቅጽ ሞልቻለሁ፣ ተራ ይዣለሁ፤ አዲስ ጎረቤት ሳገኝም ቅድሚያ የማየው ፊታቸውን ነው።

ባለቧንቧው ሽማግሌ በቀራቸው የሥራ ጊዜ ቢሮው ጥግ ተቀምጠው መገጣጠሚያ ሲለዩ አልዋሉም። መሐንዲሱ ጠርቷቸው ሴቻንም ሲቀላንም በእግር ሲዞሩ ከረሙ፤ እሳቸው ዘንጋቸውን፣ እሱ የተጠቀለለ ፕላኑን ይዞ። ከክፍሌ መስኮት ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። አንዱ ይቆማል፣ ያዳምጣል፤ ሌላው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። ተማሪዎቼ “ቲቸር፣ ምን እየፈለጉ ነው?” ሲሉኝ ትምህርቱን አቁሜ ነገርኳቸው።

ጡረታ ሊወጡ አካባቢ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አዲሱ ፕላን ተባዝቶ አንድ ቅጂ ተሰጥቷቸው ነበር። ዘርግተው የእኛን ሰፈር አሳዩኝ፤ ቀጭኗ መስመር በሃለኮው ቦታ በኩል ታልፋለች፤ አጠገቧ በመሐንዲሱ የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ነገር ተጽፏል።

“ምን ይላል?” አሉኝ።

“‘በቁፋሮ የተረጋገጠ’ ይላል፣ ጋሼ።”

ጣታቸውን በጽሑፉ ላይ ቀስ አድርገው አለፉበት። “ልክ ነው” አሉ፤ ፕላኑን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙና ዳገቱን ወረዱ።